መጃጀት የዕድሜ ዕዳ ነውን?



በማኅበራችን የዓርብ ስብሰባ ላይ ስለ ትምህርትና ስለ መኖሪያ ፈቃድ ከሚነሡት ጉዳዮች ቀጥሎ፣ የሕክምና ተማሪ በመሆኔ ብዙ ጊዜ የሚቀርብልኝ ጥያቄ ስለ አረጋውያንና ስለ መርሳት ነው። ጠያቂዎቹ ተማሪዎች ብቻ አይደሉም። ከስብሰባው በኋላ ቡና ለመጠጣት ብቅ የሚሉ፣ በአማን ከተማ በየቤቱ ተቀጥረው የሚሠሩ እኅቶቻችን ይበዛሉ። ሥራቸው «የቤት ሠራተኛ» ይባል እንጂ የብዙዎቹ ውሎ አንድን አዛውንት ወይም አንዲትን አሮጊት ማጠብ፣ ማብላት፣ ሌሊትም መጠበቅ ነው።

ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያነሣሣኝ የአንዲቱ እኅታችን ጉዳይ ነው። የምትንከባከባቸው አሮጊት የወርቅ አምባር ጠፋባቸው። «ይህች ሐበሻ ሰረቀችኝ» አሉ፤ ልጆቻቸውም አመኑ። ሻንጣዋ ተበረበረ፤ ስልኳ ተወሰደ፤ ሁለት ሌሊት እንቅልፍ በዓይኗ ሳይዞር አደረች። በሦስተኛው ቀን አምባሩ ከሩዝ ማስቀመጫው ውስጥ ተገኘ። ሴትዮዋ ራሳቸው ሸሽገውት፣ መሸሸጋቸውንም ረስተውት ኖሯል። ይቅርታ የጠየቃት የለም። እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን፣ እርስዋም ብትሆን ሴትዮዋን «ተንኮለኛ» ብላ ከማማረር በቀር ታማሚ መሆናቸውን አለማወቋ ነው። በቤቱ ያለው ሰው ሁሉ፣ የተማሩት ልጆች ጭምር፣ በሽታውን እንደ ጠባይ ቆጥረውት ነበር።

የቃሉ ትርጉም

በአገራችን «ጃጀ»፣ «ጃጀች»፣ «ዞረበት» እንላለን። ዐረቦቹ «ኸረፍ» ይሉታል። በሁለቱም ቋንቋ ቃሉ ንቀት ያዘለ ነው፤ በጠብ ላይ ስድብ ሆኖ ያገለግላል። በሕክምና ቋንቋ ዲሜንሺያ የሚባለው ግን የአንድ በሽታ ስም አይደለም። ትኩሳት በወባም በታይፎይድም በሳንባ ምችም እንደሚመጣ ሁሉ፣ ዲሜንሺያም የተለያዩ በሽታዎች አእምሮን ሲጎዱ የሚታይ ሁኔታ ነው። ይኸውም የማስታወስ፣ የማሰብ፣ የመናገርና የማመዛዘን ችሎታ ቀስ በቀስ እየቀነሰ ሄዶ ሰውየው የዕለት ኑሮውን ብቻውን መምራት የሚያቅተው ደረጃ ላይ መድረስ ማለት ነው። ከመቶ ሕሙማን ከ60 እስከ 70 የሚሆኑት አልዛይመር የተባለው በሽታ ያለባቸው ናቸው። ሁለተኛውን ስፍራ የያዘው የአንጎል ደም ሥሮች መጥበብና መዘጋት የሚያስከትለው ነው። በአንድ ሰው ላይ ሁለቱ ተደራርበው መገኘታቸውም የተለመደ ነው።

አልዛይመር የሚለው ስም የመጣው አሎይስ አልዛይመር ከተባለው ጀርመናዊ ሐኪም ነው። እ.ኤ.አ. በ1901 በፍራንክፈርት ሆስፒታል አውጉስተ ዴተር የተባለች የ51 ዓመት ሴት አገኘ። ባሏን ያለምክንያት ትጠረጥራለች፤ ዕቃ ትሸሽጋለች፤ ስሟን መጻፍ ጀምራ መሐል ላይ ይጠፋባታል። በ1906 ስትሞት አንጎሏን በማይክሮስኮፕ መረመረና በሕዋሶቹ መካከል የተከማቸ ቆሻሻ፣ በሕዋሶቹም ውስጥ የተጠላለፉ ክሮች አየ። ልብ በሉ! ዕቃ መሸሸግና ሰውን መጠርጠር ከመጀመሪያይቱ ታማሚ ጀምሮ ተመዝግቦ የሚገኝ የሕመሙ ምልክት ነው። ከመቶ ዓመት በላይ የሆነው ይህ ዕውቀት ወደ አንድ የአማን ቤት ቢደርስ ኖሮ የእኅታችን ሻንጣ አይበረበርም ነበር።

እንግዲህ ተራ መርሳትና ሕመም እንዴት ይለያሉ? እናታችን ወጡ ላይ ጨው መጨመርዋን ረስታ ደግማ ብትቀምስ ይህ ምንም አይደለም። አርባ ዓመት ስትሠራው የኖረችው የዶሮ ወጥ ቅደም ተከተሉ ከጠፋባት፣ ቡናውን ቆልታ ምን ልታደርገው እንደነበር ግራ ከገባት፣ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ የምታውቀው መንገድ ከተምታታባት ግን ወደ ሐኪም መውሰድ ይገባል። ቤተሰብን ብዙ ጊዜ የሚያታልለው የቀድሞው ትዝታ ቶሎ አለመጥፋቱ ነው። የ1966ቱን የካቲት፣ ታክሲው የቆመበትን ቀን ሳይቀር በዝርዝር የሚተርክ አዛውንት ዛሬ ጠዋት ቁርስ መብላቱን ላያስታውስ ይችላል። በአልዛይመር በሽታ በመጀመሪያ ከሚጠቁት የአንጎል ክፍሎች አንዱ አዲስ ነገር የሚመዘግበው ሂፖካምፐስ ስለሆነ ነው። የድሮው በሌላ ክፍል ተቀምጧል። ስለዚህ «አባባ እንኳን ትዝታቸው እንደ ወጣት ነው» ማለት ማስረጃ አይሆንም።

ነገሩ የእኛ ነውን?

አንዳንድ ጓደኞቼ ይህ የሀብታም አገር በሽታ ነው ይላሉ። አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚያሳየው እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ላይ 57 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ከዲሜንሺያ ጋር ይኖሩ ነበር፤ ከእነርሱም ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት በዝቅተኛና በመካከለኛ ገቢ አገሮች ያሉ ናቸው። በየዓመቱ 10 ሚሊዮን ያህል አዳዲስ ሕሙማን ይጨመራሉ። በአገራችን ከአርባ ዓመት በፊት የአንድ ሰው አማካይ ዕድሜ ከ45 ዓመት አይበልጥም ነበር፤ ዛሬ ከ65 አልፏል። ይህ ደስ የሚያሰኝ ድል ነው። ነገር ግን በልጅነት ከሞት የተረፈው ትውልድ ሲሸመግል የሽምግልና በሽታዎች አብረውት ይመጣሉ።

በአፍሪካ ምድር ከተደረጉት ጥናቶች ሁሉ እኔን የማረከኝ የኢባዳኑ ነው። ተመራማሪዎች በናይጄሪያ ኢባዳን ከተማ የሚኖሩ ዮሩባዎችንና በአሜሪካ ኢንዲያናፖሊስ የሚኖሩ ጥቁር አሜሪካውያንን፣ ሁሉም 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸውን፣ በአንድ ዓይነት ዘዴ ለዓመታት ተከታተሉ። በ2001 እ.ኤ.አ. የታተመው ውጤት እንደሚያሳየው በዓመት በአዲስ ዲሜንሺያ የተያዙት በኢባዳን 1.35 በመቶ፣ በኢንዲያናፖሊስ 3.24 በመቶ ነበሩ። የደም ግፊት፣ የስኳር በሽታና ውፍረት በአሜሪካው ወገን በርትተው ይታዩ ነበር። ይህ ብቻውን ምክንያቱን አያረጋግጥም፤ ሆኖም የዘር ሐረግ ብቻውን ዕጣችንን እንደማይወስን ይጠቁማል። በሌላ በኩል በአሜሪካ የፍራሚንግሃም ከተማ የረጅም ጊዜ ጥናት በ2016 እንደዘገበው፣ ከ1970ዎቹ መጨረሻ ወዲህ አዲስ የሚያዙት መጠን በየዐሥር ዓመቱ በ20 በመቶ ያህል ቀንሷል። የቀነሰው ግን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ባጠናቀቁት ዘንድ ብቻ ነው። ኑሮና ትምህርት በአንጎል ላይ ይጻፋሉ ማለት ነው።

አደጋውን የሚያበዙና የሚቀንሱ ነገሮች

ላንሴት የተባለው የእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው የሊቃውንት ቡድን በ2024 ባወጣው ዘገባ 14 ሊለወጡ የሚችሉ ነገሮችን ዘርዝሮ፣ እነዚህ ሁሉ ቢወገዱ በዓለም ካለው ዲሜንሺያ 45 በመቶ ያህሉን መከላከል ወይም ማዘግየት እንደሚቻል ገምቷል። ይህ ቁጥር ለሕዝብ በጠቅላላ የወጣ ግምት እንጂ ለአንድ ግለሰብ የተሰጠ ዋስትና አይደለም። ሁሉን ተጠንቅቆ የሚታመም ይኖራል፤ ምንም ሳይጠነቀቅ ዘጠና ዓመት በጤና የሚኖርም አለ። ይህን የምለው በሽተኛውን «በራስህ ጥፋት ነው» ማለት እንዳይለመድ ነው።

በእኛ ሁኔታ ቅድሚያ የምሰጠው ለደም ግፊት ነው። ዐረቦቹ «ደግጥ» የሚሉት ነው። ግፊት አያምም፤ ስለዚህ ሰው ሳያውቀው በሃያና በሠላሳ ዓመት ውስጥ የአንጎልን ቀጫጭን ደም ሥሮች ያደነድናል፣ ትንንሽ የአንጎል ክፍሎችን አንድ በአንድ ያሳጣል። የሊቃውንቱ ቡድን ምክር የላይኛው ቁጥር ከ40 ዓመት ዕድሜ ገደማ ጀምሮ 130 ወይም ከዚያ በታች ሆኖ እንዲቆይ ነው። ስፕሪንት በተባለውና ከ9,000 በላይ ሰዎች በተሳተፉበት የአሜሪካ ሙከራ፣ ከ120 በታች እንዲሆን የታከሙት ከ140 በታች እንዲሆን ከታከሙት ይልቅ የዲሜንሺያ ዋዜማ በሆነው መለስተኛ የማስታወስ መድከም የተያዙት ቁጥር አንሶ ተገኝቷል፤ ውጤቱም በ2019 ታትሟል። በአገራችን ያለው ችግር ይታወቃል። መድኃኒቱ ይታዘዛል፤ አባታችን አንድ ወር ይወስዱታል፤ «አሁን ተሽሎኛል» ይላሉ ወይም «ከጀመሩት አይተውም፣ ሱስ ይሆናል» የሚል ጎረቤት ያገኛሉ፤ ያቆማሉ። የግፊት መድኃኒት ሱስ አያሲዝም። ካቆሙት ግፊቱ የሚመለሰው መድኃኒቱ ይሠራ ስለነበረ ነው። ለጠበል የሚሄዱ ወላጆቻችንን ከጠበሉ እንዲቀሩ መናገር የእኔ ድርሻ አይደለም፤ ኪኒኑን ይዘው ይሂዱ ማለት ግን ድርሻዬ ነው።

ብዙ ሰው የማይጠብቀው ቀጣዩ ነገር ጆሮ ነው። በ2024ቱ ዘገባ ከ14ቱ ከፍተኛውን ድርሻ የያዙት ሁለት ሲሆኑ፣ አንደኛው በጎልማሳነት ዘመን የሚከሠት የመስማት ችሎታ መቀነስ፣ ሌላው በደም ውስጥ ያለ ጎጂ ኮሌስትሮል ነው፤ እያንዳንዳቸው ወደ 7 በመቶ ያህል ድርሻ አላቸው። የማይሰማ ሰው ከጨዋታ ይገለላል፣ ከዕድርም ከማኅበርም ይቀራል፤ አንጎሉም የሚሠራበት ነገር ያንሰዋል። በ2023 ውጤቱ በታወቀው የአሜሪካ ሙከራ 977 አረጋውያን ለሦስት ዓመት ክትትል ተደርጎላቸው፣ የመስሚያ መሣሪያ የተሰጣቸው በጠቅላላው ሲታዩ ልዩነት አላሳዩም፤ አስቀድሞ አደጋው ከፍ ያለባቸው ግን የአእምሮአቸው መድከም በ48 በመቶ ያህል ዘግይቷል። የመስሚያ መሣሪያ በአገራችን ውድ ነው። ነገር ግን የጆሮ ኩክ ማስወጣት ውድ አይደለም፤ የልጅን የጆሮ መግል በጊዜ ማሳከም ውድ አይደለም። በወፍጮ ቤትና በብረታ ብረት ሥራ የሚውል ወንድማችን ጆሮውን ቢሸፍን ኪሳራ የለውም።

ዓይንም እንደዚሁ። ያልታከመ የዓይን ድካም ከ14ቱ አንዱ ነው። የአማራ ክልል በአገራችን በትራኮማ እጅግ የተጠቃው ክልል መሆኑ ይታወቃል፤ የዓይን ሞራም በየመንደሩ አለ። ሞራን በቀዶ ሕክምና ማስወገድ ከዲሜንሺያ መቀነስ ጋር ተያይዞ የታየባቸው ጥናቶች አሉ። እናቱን ለሞራ ቀዶ ሕክምና ገንዘብ የሚልክ ተማሪ ከዓይኗ በላይ ይረዳታል ብዬ አምናለሁ።

ስለ ሲጋራ ብዙ አልልም። ይህች አገር ወንዶቿ በማጨስ ከዓለም ግንባር ቀደም ከሆኑት አንዷ ናት፤ የእኛም ልጆች በፈተና ሰሞን በአርጊሌ ዙሪያ ተሰብስበው «ውሃው ያጣራዋል» ሲሉ እሰማለሁ። አያጣራውም። የስኳር በሽታ፣ ውፍረት፣ አለመንቀሳቀስ፣ ከልክ ያለፈ መጠጥ፣ ድባቴ፣ ብቸኝነትና በጭንቅላት ላይ የሚደርስ አደጋ ሁሉ ከዝርዝሩ ውስጥ ናቸው። ለመንቀሳቀስ የአማን ኮረብታዎችና ደረጃዎች በነጻ ተሰጥተውናል። ጭስ ግን ቆም ብለን የምናስብበት ነው። ዘገባው የአየር ብክለት ሲል በአብዛኛው የመኪናና የፋብሪካ አየርን ያስባል፤ እንጀራ በማገዶ የምትጋግር እናት በተዘጋ ማድቤት የምትተነፍሰው ጭስ ከዚያ አያንስም። ማገዶ የሚቆጥበውንና ጭስ የሚቀንሰውን ምድጃ እንደ ሴቶች ሥራ ማቅለያ ብቻ ሳይሆን እንደ መከላከያ ሕክምና ልንቆጥረው ይገባናል።

የመጨረሻው ትምህርት ነው። በልጅነት ዘመን የተማረ አንጎል መጠባበቂያ አለው። በአሜሪካ ከ1986 ጀምሮ 678 መነኩሲቶችን በተከታተለው ጥናት፣ አንዳንዶቹ ሲሞቱ አንጎላቸው በአልዛይመር ምልክት ተሞልቶ ሳለ በሕይወታቸው ሳሉ ግን ሲያስተምሩና ሲጽፉ የኖሩ ሆነው ተገኝተዋል። በወጣትነታቸው ሐሳብ የበዛበት ጽሑፍ የጻፉትም በሽምግልና ብዙም አልተያዙም። በአገራችን ብዙ እናቶች ፊደል የቆጠሩት በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ ልጅ አዝለው ነው። ስለዚያ ዘመን ፖለቲካ ማንም የፈለገውን ይፍረድ፤ ለእነዚያ እናቶች አንጎል ግን ፊደሉ መልካም ነበረ እላለሁ። በነገራችን ላይ ዳዊትን በቃሉ የሚደግሙ፣ ቅኔ ሲቆጥሩ ያረጁ የአብነት መምህራንን የሚያጠና ተመራማሪ ቢገኝ ደስ ባለኝ።

በምርመራ ላይ የሚፈጸም ስሕተት

እዚህ ላይ በተለይ የሕክምና ተማሪ ጓደኞቼ እንዲያነቡልኝ እፈልጋለሁ። የተለመደው የማስታወስ ፈተና «ዛሬ ዓመቱ ስንት ነው? ወሩስ? ሰዓት ሥሉ፤ ከመቶ ሰባት ቀንሱ» ይላል። ከጎንደር የመጡ እናት ዓመቱን በሰባት ወይም በስምንት አሳንሰው ይናገራሉ፤ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው ሲሉ የሐኪሙ ሰዓት ዘጠኝ ይላል፤ ዓመት ዐሥራ ሦስት ወር አለው ይላሉ። በሦስቱም ትክክል ናቸው፤ በሦስቱም ዜሮ ያገኛሉ። እርሳስ ይዘው የማያውቁ ሰው ሰዓት መሣል አለመቻላቸውም ሕመም አይደለም። ስለዚህ እናታችንን ባሕር ማዶ የሚያሳክም ሰው አብሮ ገብቶ ማስረዳት አለበት። የተሻለው ጥያቄ ከአምስት ዓመት በፊት ያደርጉት የነበረውን ዛሬ ያላደረጉት ምንድር ነው የሚለው ነው፤ ገበያ ሄደው ገንዘብ ቆጥረው ይመለሳሉ ወይ? የልጅ ልጆቻቸውን ስም ያምታታሉ ወይ?

ሌላው ከባድ ስሕተት የሚድነውን እንደማይድን መቁጠር ነው። የመርሳትን መልክ ይዘው የሚመጡ፣ በቀላል ሕክምና የሚሻሉ ሁኔታዎች አሉ። የእንቅርት ዕጢ ሥራ መቀነስ አንዱ ነው። የቫይታሚን ቢ12 እጥረት ሌላው ነው፤ ይህ ቫይታሚን የሚገኘው ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ስለሆነ፣ በዕድሜ ጨጓራቸው የደከመና ከአጽዋማቱም አልፈው ዓመቱን በሙሉ የሚጾሙ እናቶቻችን ደማቸው ቢመረመር መልካም ነው፤ እጥረቱ በመርፌ ወይም በኪኒን ስለሚሞላ ጾማቸውን መፍታት ግድ አይሆንባቸውም። ወድቀው ጭንቅላታቸውን የተመቱ አዛውንት ከሳምንታት በኋላ ቢቀዣብሩ ደም በአንጎል ሽፋን ሥር ተጠራቅሞ ሊሆን ይችላል። የእንቅልፍ ኪኒንና አንዳንድ የአለርጂ መድኃኒቶች ሽማግሌን ያደነዝዛሉ። ኤች አይ ቪና ያልታከመ ቂጥኝም አሉ። ባል ወይም ልጅ የሞተባት እናት ድባቴ ደግሞ «ጃጀች» ተብሎ በየቤቱ ተቀብሯል። አንድ ነገር በተለይ ይታወቅ፤ ትናንት ደኅና የነበሩ ሰው ዛሬ በድንገት መቀባዠር ከጀመሩ ዲሜንሺያ እንዲህ አይመጣም፤ ኢንፌክሽን ወይም ስትሮክ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሆስፒታል ይወሰዱ።

አልዛይመርን የሚያድን መድኃኒት እስካሁን የለም። በአሜሪካ በ2023 ሌካነማብ፣ በ2024 ዶናነማብ የተባሉት ሙሉ ፈቃድ አግኝተዋል፤ ገና በጀመረው ሕሙም ላይ ሂደቱን በመጠኑ ያዘገያሉ እንጂ አይመልሱትም፤ በደም ሥር የሚሰጡ፣ በየጊዜው የአንጎል ኤም አር አይ የሚጠይቁና ዋጋቸው የማይቀመስ ናቸው። ለዚህ ነው ስለ መከላከል ይህን ያህል የለፋሁት። በፊንላንድ ከ60 እስከ 77 ዓመት የሆናቸው 1,260 ሰዎች የተሳተፉበት ሙከራ፣ አመጋገብን፣ እንቅስቃሴን፣ የአእምሮ ልምምድንና የግፊት ክትትልን አንድ ላይ በማድረግ በሁለት ዓመት ውስጥ የአእምሮ ውጤት መሻሻሉን በ2015 አሳይቷል።

በሰው ቤት ለሚሠሩ እኅቶቻችን

ኸረፍ ካለባቸው ሰው ጋር የምትሠሩ፣ ክርክር አትግጠሙ። «እናቴ ትምጣልኝ» የሚሉ የሰማንያ ዓመት ሴት «እናትሽ ሞታለች» ሲባሉ ኀዘኑን እንደ አዲስ ይሰሙታል፤ «እስቲ ስለ እናትዎ ያጫውቱኝ» ማለት ይሻላል። የጋዙን ምድጃ ከእርሳቸው እጅ አርቁ። አንድ ዕቃ ሲጠፋ ዕለቱኑ፣ ገና ክስ ሳይነሣ፣ ለቤቱ ሰዎች ተናገሩ፤ ትራሱን፣ የጫማውን ሣጥን፣ የሩዙን ዕቃ አብራችሁ ፈትሹ። ወርቅና ገንዘብ በልጆቻቸው እጅ እንዲቆለፍ ከመጀመሪያው ጠይቁ። ሌሊት የሚነሡ ከሆነ ቀን የምትተኙበት ሰዓት ያስፈልጋችኋል፤ ይህን መጠየቅ ስንፍና አይደለም። ዮርዳኖስ በ2008 እ.ኤ.አ. የሠራተኛ ሕጓን አሻሽላ የቤት ሠራተኞችን በሕጉ አካታለች፤ በ2009 የወጣው ደንብም በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት ይሰጣችኋል። ብዙዎቻችሁ እንደማታገኙት ዓርብ ዓርብ ከሚመጡት ቁጥር ማነስ እረዳለሁ።

አምባር የጠፋባት እኅታችን በሽታው ምን እንደሚባል በዐረብኛ በወረቀት ጽፌ ሰጥቻት ነበር። ወረቀቱን ለትልቋ ልጅ አሳየቻት። ልጅቱ አንብባ ዝም አለች፤ በሳምንቱ እናቷን ሐኪም ዘንድ ወሰደቻቸው። ስልኩ ተመልሷል፤ አምባሩም ከልጅቱ ዘንድ ተቆልፎበታል።

በሚቀጥለው ስብሰባ የደም ግፊት መለኪያ ይዤ እመጣለሁ። ዕድሜው ከ30 በላይ የሆነ ሁሉ ቡና ከመጠጣቱ በፊት ይለካ፤ ከጠጡ በኋላ ቁጥሩ ከፍ ስለሚል ነው።